ከፀጉሯ የተጣበቀው ኩባያ

የካንሰር ተመራማሪዋ በቤተ ሙከራው ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሞታለች። ግንባሯ ተሰንጥቋል። አጠገቧ ክሎሮፎርም የተቀዳበት ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ አለ፤ ሥሩ ሟሙቶ፣ የታኘከ ማስቲካ መስሎ፣ ከፀጉሯ ጋር ተጣብቋል። ዝቃጩ ወለሉ ድረስ ተንጠባጥቧል። ጣፋጩ ሽታ ጉሮሮ ላይ እየተለጠፈ ያቅለሸልሻል።

«ትነቱ ነው የገደላት» አለ ሐኪሙ አፍንጫውን ይዞ። «ስትወድቅ ግንባሯን መታት። አደጋ ይመስላል።»

«የአየር ማውጫውን ያጠፋውስ አደጋው ነው?» አለች መርማሪዋ። እህሉን ከገለባው ስለምትለይ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል።

የጓዳው ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሦስት ናቸው፦ የቤተ ሙከራው አለቃ፣ የሟች ባል እና አንዲት ባልደረባቸው።

አለቃው ቢሮው ውስጥ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይበላ ነበር። ስለ ሴል ስብ በተጻፈ ጥናት ሁሉ ላይ ስሙ ስላለ «የስብ አባት» ይባላል። ጣቶቹን ላሰና እጁን ዘረጋላት። ሳትወድ ጨበጠችው።

«ይቅርታ፣ ምሳ ካልበላሁ ያዞረኛል። እንደ ልጄ ነበረች እኮ!»

«ገብተው አዩዋት?»

«ኧረ እኔ ሬሳ አልወድም! ዛሬ ወደዚያ ዝርም አላልኩ። ሰው ማማት አይሁንብኝና፣ ባሏ ጠዋት ሲጮህባት ሰምተናል። አስተዳደጉም እንዲያው…» እያለ አማው።

የሟች ባልደረባ ፕሮቲን ነው የምታጠናው። ኮሪደር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ሟች ምን ላይ ነበር የምትሠራው? ላልተማረ ሰው በሚገባ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«የሴል ቆዳ ስብ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሴሉን ‹ተባዛ› እያለ የሚያዘው ፕሮቲን እዚያ ስብ ላይ ተለጥፎ ነው የሚናገረው። ስቡ ሲለወጥ ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል።»

«ለካንሰር የምትሠሩት መድኃኒትስ?»

«ዝም ለማሰኘት ነበር። ሳህን ላይ ያሉት ሴሎቻችን ግን ስብ የተራቡ ናቸው። እሷ ስብ አጥግባ ስትሞክረው፣ መድኃኒቱ ፕሮቲኖቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ ጭራሽ አስጮኻቸው። ለታማሚ ከተሰጠ ካንሰሩን ማቀጣጠል ነው። ለአለቃችን ነገረችው፣ ‹አፍሽን ዝጊ› አላት። እኔም ለሥራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ባልየው እንደ ሚስቱ ስብ አጥኚ ነው፤ ስብ በክሎሮፎርም ሲያሟሟ ይውላል። ካቴና ይዞ የቆመውን ፖሊስ ቀና ብሎም አላየውም።

«ለምን ጮህክባት?»

«እናቴ ካንሰር አለባት። መድኃኒቱን ከሚሞክሩት አንዷ ናት፤ ዛሬ ማታ ትጀምራለች። ሚስቴ ‹እንዳትውጠው› አለችኝ። ሌላ ምን ተስፋ አለን? ‹እናቴ እንድትሞት ነው የምትፈልጊው› አልኳት። በቃ፣ የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ሆነ። እሰሩኝ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች። አንድ ጠርሙስ ክሎሮፎርም፣ የመስታወት ብልቃጦችና የፕላስቲክ ኩባያዎች ደረደረች።

«እስቲ ትንሽ ቅዱልኝ። በትልቅነትዎ ከእርስዎ እንጀምር፣ ፕሮፌሰር።»

አለቃው ጓንት አጥልቆ ኩባያ አነሳ።

«ፕላስቲክ ነው እኮ፣ ክሎሮፎርም ያሟሟዋል!» ብሎ ባልየው ዘለለ።

አልደረሰበትም። ኩባያው አለቃው እጅ ላይ እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ።

«ጉድ! እኔ እንኳ የፕሮቲኗ አውቃለሁ» አለች ባልደረባዋ። «መጀመሪያ በፕላስቲክ የቀዳሁ ቀን እሷ ስትሰድበኝ ነው የዋለችው።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ፣ «ሟች በፕላስቲክ አትቀዳም። ባሏም አይቀዳም። ይቺም ተሰድባ ተምራለች። ኩባያውን ያስቀመጠው ዕድሜውን ሙሉ ስለ ስብ እየጻፈ አንዲት ጠብታ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ገፍቷት ግንባሯን ፈነከተ፤ ራሷን ስታ ሳለ ክሎሮፎርሙን አፍንጫዋ ሥር አኖረ፤ አየር ማውጫውን አጥፍቶ፣ ዞር ብሎ ሳያያት ወጣ።»

«ደንግጬ ነው የተሳሳትኩት! ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ጫማዎን ያንሱ።»

አላነሳም። ፖሊሱ እግሩን ይዞ አነሳለት። ሶሉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ደርቋል፤ ውስጡ ረጅም ጥቁር ፀጉር ተጠቅልሏል። ምሳውን ሲበላ፣ ጣቱን ሲልስ፣ ባሏን ሲያማ፣ ፀጉሯን ረግጦ ነበር። ባልደረባዋ ወደ ገንዳው ሮጣ አስመለሰች።

«ሁላችንንም ልታዋርደን ነበር» አለ የስብ አባት።

መርማሪዋ የጨበጠችበትን እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች። ባልየው ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን እንዳትውጪው።»

«ምነው ልጄ?» አለ የአሮጊቷ ድምፅ። «እሺ ያልኩት እኮ ምራቴ ያለችበት ሥራ ነው ብዬ ነው። እሷ ካላለች አልተውም። እስቲ አገናኘኝ፣ ከራሷ አፍ ልስማው።»

ባልየው ወደ ጓዳው በር ዞረ።

«አለህ? ስጣት እንጂ ስልኩን!»