የወልደአማኑኤል ግራ ትከሻ

ከሬሳው ትከሻ የሚነሳው የቆየ ቅቤ ሽታ ከዓሣ ክርፋት ጋር ተደባልቆ መርማሪውን ሻምበል ገብረጻድቅን ተቀበለው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቅቤው ያለው ግራው ትከሻ ላይ ብቻ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። ቀኙ ደረቅ ነው።

ሟቹ ወልደአማኑኤል በአሞራ ገደል የአንድ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። የልቡ ምት እየዘገየ ቢያስቸግረው ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ፣ በሽቦ ልብ የምታስመታ ትንሽ የባትሪ ሣጥን ከግራ ትከሻው በታች፣ ከቆዳው ሥር አስቀብሮ ተመልሷል።

የሟቹ ግቢ ውስጥ አብዮት ጥበቃዎች ወጌሻዋን እማማ ሽታዬን የፊጥኝ አስረዋቸዋል። ትናንት የሟቹን ሚስት የሮማንን የእጅ ወለምታ አሽተው፣ የቅቤ ጣሳቸውን እዚያው ረስተው ሄደው ነበር።

«እሷ ናት!» አለ የማኅበሩ ሽያጭ ኃላፊ ኩማ። «አሽታ አሽታ ሽቦውን ከልቡ ነቀለችው! ዛሬውኑ ወህኒ ትውረድልን!»

«እኔ ልጄ፣ የሰውዬውን ገላ አይቼም አላውቅ» አሉ እማማ ሽታዬ።

ሻምበሉ ሮማንን ለብቻዋ ጠየቃት።

«ገበያ ነበርኩ፤ ስመለስ ቀዝቅዟል» አለች። «ጠዋት ስወጣ ኩማ ሊታረቀው አረቄ ይዞ መጥቶ ነበር።»

«በምን ተጣልተው ነበር?»

«ትል ያፈራ ዓሣ ከታች፣ ትኩሱን ከላይ እየደረደረ ለሕፃናት ማሳደጊያ ይልካል። ባሌ በስብሰባ አጋልጥሃለሁ ብሎት ነበር።»

ሻምበሉ ቃሏን መዘገበ። ወጥቶም እማማን አስፈታና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«እስቲ ትከሻዬን ይዩልኝ፤ ግራውን ያመኛል።»

የአሮጊቷ እጅ ወደ ቀኙ ሄደ።

«ግራው ነው ያልኩዎት።»

«ዝም በል! ጤነኛውን ሳልዳብስ የታመመውን በምን አውቀዋለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረችው ዶክተር ታቢታ ስትመጣ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ።

«ሽቦው ከአንገት አጥንት ሥር ባለው የደም ሥር ገብቶ፣ በትልቁ የደም ሥር ቁልቁል ወርዶ የልቡን ቀኝ ክፍል ይነካል» አለች። «አንድ ሰው ሣጥኗን ቆዳው ሥር ደጋግሞ አሽከርክሯታል። ሽቦው እንደ ክር ዙሪያዋን ተጠቅልሎ ከልቡ ተሳበ፤ ልቡ ቆመ። ደረቱን ሳልከፍት ይህን ማወቅ አልችልም ነበር፤ ከውጭ አይታይም።»

«እማማ ቢሆኑ ቀኙ ትከሻም ቅቤ ይነካው ነበር» አለ ሻምበሉ። «ጤነኛውን ሳይዳብሱ አይጀምሩም። ያሸው ሰው ወጌሻ አይደለም፤ የወጌሻ ሥራ ለማስመሰል የእሳቸውን ቅቤ የቀባ ነው። ጠዋት እዚህ የነበረው ደግሞ አንተ ነህ ኩማ። ለመሆኑ ዶክተሯ ቢላዋ ሳታነሳ ሽቦው መነቀሉን ማን ነገረህ?»

ኩማ በሩን አየ፤ ጥበቃዎቹ ቆመውበታል። ከዚያ ፈገግ አለ።

«‹ትከሻዬን ይዞኛል፣ እሸኝ› ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ሳሽከረክራት እንኳ በአረቄው ሞቅታ፣ ‹ተባረክ ወንድሜ፣ እንዲህ ነው› ይለኝ ነበር።»

ሮማን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሻምበሉ ኩማን እንዲወስዱት አዘዘ።

«እማማ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

እማማ ሽታዬ ገመድ የበላውን ክንዳቸውን እያሻሹ ጥበቃዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ነገ ወለም ሲላችሁ፣ እማማ ድረሱልን ትሉኛላችሁ» ብለው ወጡ።