ልብሽማ ጤነኛ ነው

«ልቤ ቆመ! ቆመ ስልሽ!» አለች አክስቷ፣ ደረቷን በሁለት እጇ ጨብጣ።

«ቢቆም ኖሮ እንዲህ ትጮሂ ነበር፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ። አፏ ይቀልድ እንጂ እጇ የአክስቷን ክንድ አጥብቆ ይዟል።

የድንገተኛ ክፍሉ ጥበቃ ገና ከሩቅ ሲያያቸው በሩን ከፈተላቸው። ነርሷም «መጣችሁ?» ብላ አልጋ አሳየቻቸው። ከመመላለሳቸው ብዛት ቤተኛ ሆነዋል።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ጨዋታ ስትጀምር ሰፈሩን በሳቅ ትገድለዋለች። ሳይታሰብ ግን መቀሷን ትጥላለች፤ ላብ ያጠምቃታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «ሞትኩ» ትላለች። ከዚያ ለልጅቷ ይደወላል። ዛሬም የሂሳብ ፈተናዋን አጋምሳ ነው እየሮጠች የመጣችው።

ሐኪሟ የልብ ምርመራውን ውጤት አየችና ወንበር ስባ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልብዎ ከእኔ ልብ ይሻላል» አለች። «የሚሰማዎት ሕመም ግን እውነት ነው። ጭንቀት ሲጠና እንዲህ ሰውነትን ያናውጣል። ይታከማል። የአእምሮ ሕክምና ክፍላችን ከዚህ ሕንፃ ጀርባ፣ በጓሮ በኩል ነው፤ አሁን ቢሄዱ ያዩዎታል።»

እትዬ ሐኪሟ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ሰማሻት? አብደሻል አለችኝ እኮ!»

«እንደሱ አላለችም።»

«ደንበኞቼ ቢሰሙስ? ጨርቋን ጥላ አበደች ነው የሚሉኝ!»

ልብስ ሰፊ ጨርቋን ስትጥል! ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ እትዬም ሳትወድ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«በይ ታክሲ ጥሪ። ለእናትሽ ጨጓራዬን ነው ያመመኝ እንላታለን።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ሁልጊዜ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ትጠራለች፣ ትዋሻለች፣ ከዚያ ደግሞ እስኪደወልላት ትጠብቃለች። አሁን ግን ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«አልጠራም።»

«ምን አልሽ?»

«ስልክ በጮኸ ቁጥር እኮ የኔም ልብ ቀጥ ይላል፣ እትዬ። ሞታ ነው እያልኩ ነው የምሮጠው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ልብሽማ ጤነኛ ነው። የታመመውን እናሳክም።»

እትዬ ጫማ ማጥለቋን ተወች። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ወለሉ ላይ ነው። ቀና ብላ የልጅቷን ፊት አየችው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«አንቺ ቀድመሽ ትሞቻለሻ! መቼ ፋታ ሰጠሽኝ?»

እትዬ ከት ብላ ሳቀች። ነርሷ እንኳ ምን መጣ ብላ ዞር አለች።

«እሺ፣ እንሂድ» አለች እትዬ ዓይኗን እየጠረገች። «ማበጠሪያ ይዘሻል? ፀጉሬ እንዲህ ተንጨባሮ ቢያዩኝማ እውነትም ለይቶላታል ይላሉ።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አወጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአክስቷን ፀጉር ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል አበጠረችላት። ከዚያም ክንድ ለክንድ ተያይዘው በጓሮው በር ወጡ።