ከውጭ የሚቆለፍ በር

አቶ ወልደተንሣኤ አንኮበር ውስጥ፣ በመሪጌታ ገብረአማኑኤል ጓሮ ካለው የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው ቀኝ እጃቸውን እንደ ጨበጡ ሞተው የተገኙት እሑድ ከሰዓት ነበር። ጉሙ መንገዱን ስለ ዘጋው ኢንስፔክተር አስካለማርያም ከደብረ ብርሃን ተነሥታ የደረሰችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሬሳውን በጋቢ ሸፍኖ ሲጠብቅ ያደረው ሳጅን ገብረአብ መኪናዋ ሳትቆም ሮጦ ተቀበላት።

«አልቋል ኢንስፔክተር! ገዳዩን ይዘነዋል» አላት በኩራት።

«ካለቀ ታዲያ እኔን በዚህ ጉም የገደል አፋፍ ለአፋፍ ለምን አስነዳኸኝ?»

ሳጅኑ ማጅራቱን አከከ። የያዘው የመሪጌታን ጎረቤት ፈረጅን ነበር፤ ከአልዩ አምባ በርበሬና ማሾ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው። እሑድ ቀትር ላይ ከሟቹ ጋር አጥሩ በር ላይ ሲጨቃጨቅ፣ «ይሄ ግፍ ዞሮ ራስህ ላይ ይመጣል!» ሲል ሠፈርተኛው ሁሉ ሰምቶታል። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ለሳጅን ገብረአብ አያስፈልገውም። አስካለማርያም ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባለች ያደገች ሴት ናትና ጋቢውን ገልጣ ተንበረከከች።

የሟቹ ማጅራት የደረጃው ጠርዝ ላይ አርፎ ተሰብሯል። የጨበጡትን እጅ በግድ ፈልቅቃ ስትከፍተው ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ አገኘች። የቁልፉ ጥርስ ላይ ደም ደርቋል። መዳፋቸውን አገላብጣ አየች፤ አንድም ጭረት የለበትም።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«የመሪጌታ ልጅ፣ የዘርአ ዳዊት ክፍል ነው። ትናንት የመሪጌታን ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ልጁ ከውጭ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ሟቹ ዘንድ ስለሆነ ሬሳ ማን ይፈትሽ? ማንጠልጠያውን በመጥረቢያ ገንጥዬ ያወጣሁት እኔው ነኝ። እሱስ ንጹሕ ነው፣ የተቆለፈበት ሰው ምን ያደርጋል?»

አስካለማርያም ወደ አጥሩ ተመለከተች። ለቀስተኛው ደጅ ሞልቷል፣ ግን ድምፅ የለውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ይንሰቀሰቃሉ። «የታመመችው ልጅ እንዳትደነግጥ» ተብሎ ልቅሶው ተከልክሎ ነበር። ኧረ ምን ዓይነት ቤት ነው፣ ሬሳ እንኳ የማይለቀስበት!

መሪጌታ ገብረአማኑኤል ሌሊቱን ያልተኛ ዓይናቸውን እያሹ አስገቧት። «ሟቹ የባለቤቴ ወንድም ነው» አሉ። «ባለቤቴ ስታርፍ፣ ‹ማኅደርን ለሞት አልሰጥብሽም› ብሎ ማለላት። የማለበትንም አደረገ።»

ማኅደረማርያም ልጃቸው ናት። የአጥንቷ መቅኔ ደም መሥራት ካቆመ ከርሟል፤ የምትኖረው ሰው በሚለግሳት ደም ነው። የሚያድናት ከሌላ ሰው ዳሌ አጥንት የሚቀዳ መቅኔ ሲሆን፣ ተመርምሮ የገጠመላት አንድ ወንድሟ ዘርአ ዳዊት ብቻ ነበር። ህንድ አገር ሄደው የሚታከሙበት ቀንም ተቆርጧል። ታዲያ መቅኔው ገጠመ ከተባለ ወዲህ ልጁ የቤቱ እንቁላል ሆነ። በቅሎ አትጫን፣ ገደል አፋፍ አትቁም፣ ገበያ ገብተህ ጉንፋን እንዳይዝህ ተባለ። ሰላ ድንጋይ ያለችውን እጮኛውን ላያት ቢል፣ «እህትህ ስትድን ትደርስበታለህ» ተባለ። በኋላ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገባ።

አስካለማርያም የተገነጠለውን ማንጠልጠያ በጣቷ እየነካካች፣ «መሪጌታ፣ ሌባ የሚመጣው ከውጭ ነው» አለች። «ከውጭ የሚቆለፍ በር የሚጠብቀው ማንን ነው?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ልጁ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ተሰብሮም አልወጣም። ከሃያ ብዙ ያላለፈ ዲያቆን ነው፤ መስኮቱ ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል፣ ክፍሉም ቆሞ እጅ ለመዘርጋት አይበቃም። አስካለማርያም ገና እግሯን ስታስገባ ትንፋሽ አጠራት።

«አጎትህን ትወዳቸው ነበር?»

«ይወደኝ ነበር» አለ። ቆየና፣ «መቅኔዬን» ሲል ጨመረ።

ፊቱን ሊያብስ ሲል የግራ እጅጌው ተሰበሰበና ከክርኑ መታጠፊያ ዝቅ ብሎ የተለጠፈ ጥጥና ፕላስተር ታየ።

«ክንድህ ምን ሆነ?»

ልጁ እጅጌውን መልሶ አወረደ። የመለሰላት ሳጅን ገብረአብ ነው። «ትናንት እኮ የደም ልገሳ ነበር! ከቅዳሴ በኋላ ግማሹ ከተማ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰልፎ ሰጥቷል። እኔም ሰጥቻለሁ፤ ይኸው!» ብሎ እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱ ላይ ያለችው ምልክት ቁንጫ የነከሰው ታክላለች። ጥጡንም ማታውኑ ጥሎታል።

ደጃፉ ላይ የቆሙት መሪጌታ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። አስካለማርያም ይህን ልብ አለች።

ፈረጅ ፖሊስ ጣቢያው ወለል ላይ ካቴና ገብቶለት ተቀምጧል።

«ወላሂ አልገደልኩም» አላት። «ለልጅቷ ደሜን ሰጥቼ የመጣሁ ሰው አጎቷን ልግደል? የተጣላነው በዘርአ ዳዊት ነው። ‹ልጁን ፀሐይ እንኳ አሙቀው፣ የሰው ልጅ እኮ ነው› አልኩት። ‹ነጋዴ በሸቀጥህ ግባ› አለኝ። ተናድጄ የተናገርኩትን ተናገርኩ።»

«ልጁን ራሱን አናግረኸዋል?»

«የት አግኝቼው! ትናንት ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለስ ሟቹ ከኋላ ከኋላው እንደ ጥጃ ይነዳዋል። ‹ዘርዬ፣ እንዴት አደርክ?› ስለው አፉን በነጠላው እንደ ሸፈነ በአንገቱ ብቻ ሰላም አለኝ። ሌላ ቀን እኔን ሳያቅፍ አያልፍም።»

አስካለማርያም ቀና አለች። «አፉን ሸፍኖ?»

«አዎ፣ እስከ አፍንጫው።»

ከጣቢያው ስትወጣ ጉሙ እግሯ ሥር ደርሷል። ነገሩ ገብቷታል፤ ምነው ባልገባት ብላ ተመኘች። የምታውቀውን ብትናገር የልጅቷ መድኃኒት እስር ቤት ሊገባ ነው። ዝም ብትል ለሰው ደሙን የሰጠ ነጋዴ በሰው ደም ሊፈረድበት ነው። በየትም በኩል ብትዞር መውጫ አጣች። በመጨረሻ፣ «ፈረጅን ይዘኸው ና፤ ሁሉም ልጅቷ ክፍል ይሰብሰቡ» ብላ ሳጅኑን አዘዘችው።

ማኅደረማርያም ትራስ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ ጠበቀቻቸው። አባትየው ራስጌዋ፣ ወንድሟ ግርጌዋ፣ ፈረጅ ከነካቴናው በሩ ጋ ቆሙ።

«ከቁልፉ ልጀምር» አለች አስካለማርያም። «ጥርሱ ላይ ደም አለ፤ የያዘው እጅ ግን አልተጫረም። እንግዲያው ቁልፉ የጫረው ሌላ ሰው ነው። አቶ ወልደተንሣኤ ከመውደቃቸው በፊት ቁልፉን በእጃቸው እንደ ያዙ ከአንድ ሰው ጋር ተናንቀዋል።»

«ከፈረጅ ጋር ነዋ!» አለ ሳጅን ገብረአብ።

«ክንዱን ግለጠው።»

ሳጅኑ የፈረጅን ሁለት ክንድ ገለጠ። ከመርፌው ነጥብ በቀር ጭረት የለም። የሳጅኑ ዓይን ሳያስበው ወደ ዘርአ ዳዊት ሄደና ደንግጦ ተመለሰ።

«እሱ ግን ደም ሰጥቶ እኮ ነው! ደግሞም ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም ከሬሳው ጋር...»

«ጓጉንቸር ለመክፈት ነው ቁልፍ የሚፈልገው፤ ለመዝጋት እጅ ይበቃዋል። ሟቹ ከወደቁ በኋላ ልጁ ገብቶ ሌላ ሰው ከውጭ ቀጭ ቢያደርግለት ማን ያውቃል?» ወደ አባትየው ዞረች። «መሪጌታ፣ እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ ያስተምሩኝ። ሰው የቆረበ ቀን ለምንድን ነው ጫማ አድርግ የሚባለው?»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩት። ውሸት ግን አልሆነላቸውም። «እሾህ እንዳይወጋው» አሉ።

«ቢወጋውስ?»

«ደሙ ይፈሳል። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደሙ መፍሰስ የለበትም። አይተፋም፤ አፉንም ይሸፍናል።»

«ዘርአ ዳዊት ትናንት አፉን ሸፍኖ ነበር ከቤተ ክርስቲያን የወጣው። ቆርቧል። እሾህ የሚፈራ ዲያቆን በዚያው ቀን ክንዱን ለመርፌ ይሰጣል? ፕላስተሩን ያየ ሁሉ ለራሱ ተረጎመው እንጂ ልጁ ‹ደም ሰጠሁ› አላለም። የጤና ጣቢያውን ሰዎች መጠየቅ እችላለሁ፤ ግን አያስፈልገኝም። ልጁ መቁረቡን የሚያውቁት እርስዎ ሳጅኑ ሲሳሳት ለምን ዝም አሉ? ጥጡን የለጠፉለት እርስዎ ስለሆኑ ነው። በሩንም የዘጉት እርስዎ ነዎት።»

የመሪጌታ መቋሚያ ከእጃቸው ወደቀ።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል እሰማ ነበር» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ነቀዘብኝ ልጄ። እውነቱን ብናገር አንዱን ለወኅኒ፣ አንዷን ለመቃብር ልሰጥ ነው። ሁለት ልጅ ነው ያለኝ።»

«ፈረጅስ የማን ልጅ ነው?»

መሪጌታ በዚያ ዕድሜያቸው ፈረጅ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ፈረጅ በታሰረ እጁ ደገፋቸው። «ተዉ መሪጌታ፣ አላህ ያየዋል» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘርአ ዳዊት እጅጌውን ራሱ ሰበሰበና ፕላስተሩን ላጠው። የቁልፍ ጥርስ የተለተለው ረጅም ቁስል ነበር።

«ዛሬ እንኳ ጓሮ ልቀመጥ አልኩት። ፀሐይ ልይ አልኩት። ‹ግባ› ብሎ ክንዴን ያዘኝ፣ ቁልፉ ቧጠጠኝ። ደሜን ሳይ አበድኩ፤ ቆርቤ ነበር። ገፋሁት። ደረጃው ርሶ ነበር።» ቁስሉን በእጁ ሸፈነ። «ልገድለው አልነበረም። እኔ ብቻ መውጣት ነው የፈለግሁት።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች ማኅደረማርያም።

ሁሉም ዞሩባት።

«ስትለምናቸው ሰምቻለሁ፤ ሲወድቁም ሰምቻለሁ። አባዬ ጓጉንቸሩን ሲዘጋም እንዲሁ። ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ አይደለም ዘርዬ፤ ለራሴ ብዬ ነው። መሞት ፈራሁ። በሩ ሲቆለፍብህም በየቀኑ እሰማ ነበር፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።»

አስካለማርያም የፈረጅን ካቴና ራሷ ፈታችለት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ሕግ ፊት ላቀርብህ ግድ ነው፤ አባትህንም ጭምር። ዳኛው ምን እንደሚል ቃል አልገባልህም። መቅኔህን ሰጥተህ እህትህ እንድትታከም ይፈቀድ ዘንድ ግን እኔው ራሴ ቆሜ አመለክታለሁ። ይህ የሚሆነው አንተ ከፈለግህ ብቻ ነው። እምቢ ብትል የሚያስገድድህ ሕግ የለም።»

ማኅደረማርያም ጉልበቷን አሰባስባ ከትራሱ ቀና አለች።

«ዘርዬ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄህ አላውቅም» አለች። «ትሰጠኛለህ?»

ዘርአ ዳዊት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ማንም እኮ ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ሲረጋጋ። «ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ ያን በር ማን ይቆልፈው ነበር? እሰጥሻለሁ እንጂ፤ ለማን ላስቀምጠው?»

ሳጅን ገብረአብ ካቴናውን ይዞ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ በዓይኗ ከለከለችው። ልጁ እስኪበቃው ድረስ የእህቱን እጅ ይዞ ተቀመጠ።

«አባዬ» አለች ማኅደረማርያም በመጨረሻ፣ «ውጭ ያሉትን ሰዎች፣ ‹ለጋሼ ወልደተንሣኤ አልቅሱላቸው› በላቸው። እሳቸውም እኮ ለእኔ ብለው ነው።»

መሪጌታ ወጥተው የአጥሩን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ከትናንት ጀምሮ የታፈነው ልቅሶ ጓሮውን ሞላው።