ስኳር የገባበት ደም

ዲስኩ የለም።

ጃዋር የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጣል። የአምስት ወር ቀረጻ፣ ነገሌ ቦረናን በአንድ ሌሊት አስጮሃታለሁ ብሎ የፎከረበት አስፈሪ ፊልም፣ ሁሉም በአንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። ቅጂ የለውም። ለቅጂ የሚሆን ሁለተኛ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ጥቁር መነጽር የገዛ ዳይሬክተር ነው።

ሳጅን ጉያቱ ከባጃጅ ወርዳ በትከሻዋ ገፋ አድርጋው ገባች።

የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። ዲስኩ የሚደበቀው መደርደሪያው ላይ፣ ከደም ማሰሮዎች ጀርባ ነበር፤ ትናንት ምሳ ሰዓት ታይቷል፣ ማታ ግን የለም። አንዱ ማሰሮ ተገልብጧል። ደም ይበሉት እንጂ ስፌት ሰፊዎች አክርማ የሚነክሩበት ቀይ ቀለም ነው፤ ስኳር ጨምረው አፍልተው አወፈሩት። የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ አራት ቀይ ጣቶች ተንሸራተው አልፈዋል። ለአሻራ አይሆኑም።

«ይሄ ቀለም በስንት ቀን ይለቃል?»

«ሳምንትም ይቆያል። ምን ላድርግ፣ ርካሽ ነው።»

«እጅህን አሳየኝ።»

ቀይ ነው። የካሜራ ባለሙያው እጅም ቀይ፣ መብራት ያዡም ቀይ። እዚህ ቤት ባለ ቀይ እጅ መፈለግ በርበሬ ወፍጮ ቤት የሚያስነጥስ ሰው እንደመፈለግ ነው።

«ምን ያስፈጥጥሻል? ሌባውን አምጪ እንጂ!» አለ ጃዋር። «ድሮም ሴት ሲልኩብኝ ነው የገባኝ።»

«ሌላ ፖሊስ ካሰኘህ ጣቢያው ክፍት ነው። እዚህ ግን አፍህን ሰብስብና ስጠይቅህ መልስ። ማን ይጠላሃል?»

«ማን የማይጠላኝ አለ!»

በዚህ እንኳ አልዋሸም።

መጀመሪያ ቦናያን ጠራችው። ከመቃብር የሚነሳውን ሙት ሆኖ የሚተውነው እሱ ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ሽማግሌ ልኬ መልስ ስጠብቅ።»

«ምን አሉ?»

«አባትየው ‹ፊቱ ሳይለቅ ደጄ እንዳይደርስ› አሉ።»

«ታዲያ ፊልሙን ብትሰርቀው ማን ይፈርድብሃል?»

«ሳጅን፣ ፊቴም ተበላሽቶ ፊልሙም ከጠፋ ምን ተረፈኝ?»

ጎረቤቶቹ ከቤት እንዳልወጣ መሰከሩለት። ጉያቱም አመነችው።

የቀሩት ሐጂ ፋዲል ናቸው። መጋዘኑ የሳቸው ነው፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር አንድ ግቢ። ከሦስት ቀን በፊት ሰው በተሰበሰበበት ጃዋርን «ያን ፊልምህን አነደዋለሁ!» ማለታቸውን ገበያው በሙሉ ሰምቷል።

«አካም ሐጂ» ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«ናጋ። ግቢ ልጄ።» የቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ወንበር ሰጧት። ከድሮ ስብራት የቀረ አንካሳነት ነው።

«የመጋዘኑ ትርፍ ቁልፍ የት ነው ያለው?»

«ይኸው፣ ግድግዳው ላይ።»

«ጃዋር ላይ ዝተዋል ይባላል።»

«ዝቻለሁ። አሁንም እደግመዋለሁ።»

«ለምን?»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጆቻቸው ንጹሕ ናቸው፤ ግን ሰው መላክ አያቅታቸውም።

«ሐጂ፣ ዝምታዎ ይጎዳዎታል።»

«የቤቴን ገመና ጣቢያ አላወጣም።»

«እንግዲያው ይነሱ፣ እንሂድ።»

ጃዋር ከበሩ ላይ «እሰሪልኝ! እሱ ነው!» እያለ ይዘላል። በጥፊ ልታቀምሰው ቃጣት። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። እዚሁ ግቢ ሐዘን የተቀመጠችው የሐጂ እህት የመሊካ ባል ሰማታር የሞተ ጊዜ ጉያቱ ዱብሉቅ ተመድባ ነበር፤ ልቅሶ አልደረሰችም። ልቅሶ ሳይደርሱ የሐዘን ቤትን አባወራ አስሮ መውሰድ ነውር ነው። ፈቃድ ጠይቃ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አላህ ያጽናሽ፣ መሊካ።»

«አሚን፣ እህቴ። ተቀመጪ።»

መሊካ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ጉያቱ ብርጭቆውን ተቀብላ አልጠጣችም። የሰጠቻት እጅ እስከ አንጓው ድረስ በሒና ጠቁሯል። ግራ እጇ ንጹሕ ነው።

ጉያቱ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር አንድ አጥር ተጋርታ ያደገች ናት።

«ሒናው ለምንድነው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባል የሞተባት አራት ወር ከአስር ቀን ኩል እንኳ አትኳልም። ሰማታር ገና ሁለት ወሩ ነው። ደግሞስ በአንድ እጅ ብቻ?»

መሊካ እጇን ወደ ሻሿ ሰበሰበች፤ ኋላ ተወችው።

«ኃጢአት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ብጸጸት አላህ ተውበቴን ይቀበላል። ፖሊስ ግን አይምርም ብዬ ቀዩን ቀለም ሸፈንኩበት።»

ስልኳን ከትራሱ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። የፊልሙ ማስታወቂያ ነው። ቃሬዛ በሰው ትከሻ ላይ ይሄዳል። ነጭ ከፈን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ወዲያው አፈሩ ተፈነቃቀለና ቦናያ ቀይ ፊቱን ይዞ እያገሳ ተነሳ።

«እኛ ሴቶቹ መቃብር አንወርድም» አለች መሊካ። «ባሌ ሲቀበር አላየሁም። ሲነሳ ግን አየሁት። እየጮኸ፣ ደም ለብሶ። ከቪዲዮው ሥር የከተማው ልጅ ሁሉ እየሳቀ ይጽፋል።»

ጉያቱ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ወጥታ ስልኩን ጃዋር አፍንጫ ሥር ደገነችው።

«የማን ቀብር ነው?»

«ፊቱ አይታይም እኮ!»

«የማን ነው አልኩህ።»

«ሃምሳ ቀባሪ ከየት ላምጣ? እዚያው ነበርኩ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ቀረጽኩ። ሰማታር ጓደኛዬ ነው፣ ቢኖር አይከፋውም።»

ሐጂ ከዘራቸውን ሲያነሱ ጉያቱ መሃል ገባች። መሊካ ከኋላ መጥታ የተቋጠረ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ፈታች። ከከፈኑ የተረፈ ጨርቅ ነው። ውስጡ ዲስኩ በሙቀጫ ተወቅጦ ደቋል።

«ሌባ!» ጃዋር ጮኸ። «ክሱን ጻፊ!»

«እጽፋለሁ። ዲስኩ ምን ምን ይዞ ነበር? አንድ በአንድ ተናገር፣ ቀብሩንም። ፍርድ ቤት ይነበባል።»

ጃዋር ዞር ብሎ ወደ ውጭ አየ። የሰፈሩ ሰው አጥሩን ሞልቶታል፤ ሰማታርን የተሸከሙትም አሉበት። መነጽሩን አወለቀ።

«ይቅር በቃ። ክሱን ትቻለሁ።»

«አይቀርም» አለች መሊካ።

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ሰርቄያለሁ፣ እኔ ሰብሬያለሁ። ጻፊ ጉያቱ። ዳኛው ‹ለምን?› ብሎ ይጠይቀኝ፤ ይሄም ቁጭ ብሎ ይስማ።»

«መሊካ፣ ይሄ እስራት ያስከትላል።»

«ሁለት ወር ከዚህ ግቢ አልወጣሁም። መታሰር አያስፈራኝም።»

ጉያቱ ቃሏን ጻፈች። ለእህታቸው ሊታሰሩ ቆርጠው የነበሩት ሐጂ ፋዲል ጫማቸውን አጠለቁ።

«ብቻዋን አትሂድ፣ አብረዋት ይምጡ» አለቻቸው። ጃዋርንም በክንዱ ያዘችው። «አንተም ቃል ትሰጣለህ።»

መሊካ ሒና ያለበትን እጇን ሳትሸፍን ወደ ባጃጁ ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በሩ ጋ ቦናያ ቆሟል። ወደሱ ስትቀርብ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበና ያንን ቀይ ፊቱን ሸፈነ፤ እሷ እስክታልፍም አልገለጠውም።