የባዕብዳው ቤት ሰነድ

የቤቱ ሰነድ ከቁም ሳጥኑ ጠፍቷል። የሠራተኛዋ የቤተል ፓስፖርትም አብሮ ጠፍቷል። ፖሊሱ ሙራድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

"ሰርቃ ልትጠፋ ነበር። ኸላስ፣ አለቀ!"

ፀጉር ሠሪዋ ሰገነት ጥርሷን ነከሰች። ቤተል እያለቀሰች ስትደውልላት ቤሩት፣ ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ካለው ፀጉር ቤቷ፣ ፀጉሯን ቀለም የተቀባች ደንበኛ ትታ ነው ባዕብዳ የመጣችው። ሰገነት ራሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ዕቃ በጠፋ ቁጥር "ሠራተኛዋ ናት" ሲባል መስማት አንገሽግሿታል።

"እትዬ ሰገነት፣ በጌታ ስም አልነካሁም!" አለች ቤተል። ሰነዱ ዛሬ ካልተገኘ ዕጣዋ እስር ቤት ነው፤ ከዚያም ወደ አገር መጠረዝ።

"ሰነዱን የሚፈልገው ማነው?" ሰገነት ሙራድን አፋጠጠችው።

"የማዳም ልጅ ዳኒ። ለቤቱ ገዢ አግኝቷል።"

"ታዲያ እሱን ጠይቀዋ!"

"ቢጠፋ የሚጎዳው እሱ! ፖሊስ የጠራውም እሱ! ምኑን ልጠይቀው?"

እውነቱን ነው። ሰገነትን ይበልጥ ያበሸቃት ይኸው ነው።

የቤተል አሠሪ፣ የሰማንያ ዓመቷ ማዳም ሮዜት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የቤቱን ታሪክ ጀመሩ። አንድ የሐር ነጋዴ ሠራው። በረሃቡ ዘመን ሚስቱ ወርቋን ከወለሉ ንጣፍ ሥር ደበቀች። ልጃቸው ቤቱን በቁማር አስበላው። ሐኪም ገዛው፤ በጦርነቱ ታጣቂ ሰፈረበት። በመጨረሻ የእሳቸው ባል ገዛው።

"ማዳም፣ ልጅቷ ልትታሰር እርስዎ ስለ ሐር ያወራሉ!"

ሰገነት ንዴቷን ለመዋጥ አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው ያየችው። አልጋው አጠገብ ትንሽ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጠርዙ ተጣጥፏል፤ የናፍታሊን ፍርፋሪም እላዩ ላይ አለ።

"ቤተል፣ ምንጣፎቹን አልጠቀለልሽም?"

"በሰኔ አጥቤ፣ ብል እንዳይበላቸው ናፍታሊን ከትቼ ጠቅልያቸዋለሁ። እስከ ጥቅምት ማን ይነካቸዋል?"

በሐምሌ ሙቀት ቤሩት ውስጥ ምንጣፍ የሚያነጥፍ የለም። ሠራተኛ ብታነጥፍ እንኳ ናፍታሊኑን ሳታራግፍ አታነጥፍም። ሙራድ ግን በዕድሜው ምንጣፍ ጠቅልሎ ስለማያውቅ ረግጦት ቆሟል።

"ዞር በል!"

ምንጣፉን ገለበጠችው። ከሥሩ አንዱ የወለል ንጣፍ ተነቃንቋል። ቤተል ሮጣ ባመጣችው ቢላ ጫፍ አነሳችው። ሰነዱ ወጣ። ከሰነዱ ሥር የቤተል ፓስፖርት ወጣ።

ሁሉም ወደ ማዳም ሮዜት ዞሩ።

"ቤቱ ከተሸጠ ዳኒ መጦሪያ ያስገባኛል" አሉ አሮጊቷ። "ቤተልም በመስከረም ኮንትራቷ ያልቃል። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሁሉም ጥሎኝ ሊሄድ ነው።"

"እና ሲያስሯት ዝም ይላሉ?" ሰገነት ጮኸች።

"ነገ እናገር ነበር።"

"ነገ!"

ሙራድ ካቴናውን ወደ ወገቡ መለሰ።

የማዳም ሮዜት የዘወትር ድምፅ ተመለሰ። "ቤተል፣ ሐቢብቲ፣ ያንን ምንጣፍ ጠቅልዪው። ያላ።"

ቤተል ፓስፖርቷን ጡቷ ሥር ሸጎጠች።

"ያነጠፈው ይጠቅልለው፣ ማዳም" አለችና ሻንጣዋን ልታወጣ ሄደች።