ውሃው የማይነካው ቦታ

«እማዬ... ውሃ የሚፈራው ነገር አለ?»

ልጄ እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል ነው።

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ካመናችሁኝ እሰየው፤ ካላመናችሁኝም አልፈርድባችሁም።

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። የልጄ መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች።

ከጎልማሶች ትምህርት ስወጣ ሁልጊዜ እሷ ጋ ጎራ እላለሁ። ምሳዋን መብላቷን ካላየሁ አላርፍም።

ሥራዋ የበሽታ ቫይረስና መድኃኒት ሲታገሉ በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት ነው። ቫይረስ መንጠቆ አለው አለችኝ። መንጠቆውን የሰውነታችን ሴል ቆዳ ላይ ይሰካዋል። ከዚያ መንጠቆው ይታጠፍና የቫይረሱንና የሴሉን ቆዳ አጣብቆ አንድ ያደርጋል። የሚገባው እንዲህ ነው።

የእሷ መድኃኒት ደግሞ መንጠቆው ሥር፣ ቆዳው አጠገብ ተሸጉጦ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። እስከ መጨረሻው ይይዘው እንደሆነ ለማየት ሦስት ዓመት ለፍታለች።

ባልደረባዋ፣ መነጽሮ የምንለው፣ ሲያየኝ ሳቀ።

«እማማ፣ ዛሬ ስንት ፊደል ጣሉ?»

«ቆይ፣ አንተን ከነመነጽርህ እጥልሃለሁ!»

ማንበብ እንድለምድ ልጄ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ላይ የየሥራቸውን ስም የጻፈችበት ቁርጥራጭ ወረቀት ለጥፋልኛለች። እኔ ደግሞ ጣቴን ካላሳረፍኩ ማንበብ አይሆንልኝም።

«ው... ሃ» አልኩ። ቁልፉ ጠቅ አለ።

ስክሪኑ በሰማያዊ ነጠብጣብ ሞላ።

«ውይ እማዬ! ውሃውን እኮ ደብቄው ነው። እሱ እያለ መድኃኒቱ በደንብ አይታየንም።»

«እስካሁን ነበረ?»

«አዎ፣ አይታይም እንጂ ሁሌም አለ...»

ድንገት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

ከመድኃኒቱ ጎን ውሃ የሌለበት ቦታ ነበር።

ባዶ።

ራስ አለው... ትከሻም አለው...

መነጽሮ ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ጠፋ።

«የትናንቱን ቅጂ ክፈቺው» አለ በሹክሹክታ።

ከፈተችው። እዚያም አለ፤ ራቅ ብሎ። ባለፈው ሳምንቱ ላይ ደግሞ ይበልጥ ርቆ ቆሟል።

በየቀኑ ሲጠጋ ኖሯል።

ያን ጊዜ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

«መድኃኒቱ አልለቀቀም እኮ እማዬ። ሙከራው ሊያልቅ አስር ደቂቃ ነው የቀረው።»

«የኔ እናት፣ በሞቴ!»

አልሰማችኝም። ፊቷ ከስክሪኑ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዋ አለ። በውስጡ ያለው ውሃ ወደ አንድ ወገን አዘመመ።

ከእሷ ሸሸ።

መነጽሮም አየው። «ከታች ቆጣሪውን ላጥፋው!» ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

እኔም በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ጮህኩ። «አጥፋው! ቶሎ አጥፋው!»

ጀርባዬን ያዞርኩት ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

መብራቱ ጠፋ። የማሽኖቹ ጩኸት ጸጥ አለ።

ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነበር። ስዳስሰው ይሞቃል።

ክፍሉ ሌላ በር የለውም። መስኮቱም ተዘግቷል።

ስክሪኑ ግን አልጠፋም።

ውሃው ውስጥ ባዶዎቹ ሁለት ሆነዋል። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ መድኃኒቱን ይጎትታል።

ሁለተኛዋ ትንሽ ናት። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ መድኃኒቱን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች።

መነጽሮ በሳምንቱ ሥራውን ለቆ ሄደ። እኔን በዚያው ዕለት ዘበኞቹ ደግፈው አስወጡኝ።

ልጄ መድኃኒቷን እንደያዘች እዚያው ስክሪኑ ውስጥ ቀረች።