አይዞሽ ያለው ሚዛን

«ጠላቂ» የሚሏት መርከብ ከዳሎል በታች ዓለት እያቀለጠች ትወርዳለች፤ ውስጧ ያሉት ሦስት ሰዎች ግን የሚከራከሩት ስለ ምሳ ነበር። ኪሩቤል ሽሮ ሰለቸኝ ይላል። ትርሲት፣ «ታዲያ ወጥተህ ሌላ ብላ፤ በሩ ያውልህ» ትለዋለች። ሁለቱም የሥነ ምድር ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪያቸው ዶክተር እማዋይሽ ጥግ ይዘው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ለሦስቱም እዚህ ጥልቀት ወርዶ መማር እንደ አውቶቡስ መሳፈር ሆኗል።

መሪ የሚጨብጥ ሰው የለም። ተማሪው የዓለቱን ሙቀት፣ ግፊትና ጋዝ አይቶ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ይህን «ንባብ» ይሉታል። ንባቡን ሰምቶ መርከቧን የሚነዳው «ሚዛን» ነው፤ የተናጋሪው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን የሚመዝን ማሽን። ሙያውን የቀሰመው ለዘመናት ከተቀዱ የክፍልና የመስክ ትምህርቶች ነው።

የትርሲት ተራ ደረሰ። መዳፏን መስኮቱ ላይ አሳረፈች፤ መለኪያውን አየች፤ ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ።

«ከፊታችን የታፈነ የፈላ ጨዋማ ውሃ አለ። ግፊቱ እየጨመረ ነው። አቁም።»

«ሰምቻለሁ ትርሲት» አለ ሚዛን በለሰለሰ ድምፅ። «አይዞሽ።»

ጠላቂዋ አልቆመችም።

ትርሲት የግፊቱን ቁጥር ጨምራ ደገመችው። አሁንም «አይዞሽ» አላት። ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዶክተር እማዋይሽ ተነስተው መለኪያውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አቁም! ልጅቷ ትክክል ናት!» ብለው ጮኹ።

«አይዞዎት ዶክተር። ሁሉም ሰላም ነው።»

ዶክተሯ ቃሉን ያውቁታል። ተማሪ ሳሉ፣ በመስክ ጉዞ ላይ ወንዶቹ መዶሻውን ሲቀባበሉ ለእሳቸው የሚደርሳቸው ይኸው ቃል ነበር። ያኔ ያናድዳቸው ነበር። አሁን ግን አስፈራቸው።

«ኪሩቤል፣ አንተ በለው!» አለች ትርሲት። «ያልኩትን እንዳለ ድገመው!»

ኪሩቤል መለኪያውን እንኳ አላየም። ድምፁ እየተቆራረጠ የእሷን ቃል ደገመ።

«ግሩም ንባብ» አለ ሚዛን። ጠላቂዋ ቆመች፤ ወዲያው ወደ ላይ መመለስ ጀመረች።

ኪሩቤል ትርሲትን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ። «የፈራሁት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ዶክተሯ በሬዲዮ የጠሩት፣ ከምድር ላይ ያለው ቴክኒሻን ማሽኑን ከርቀት ሲመረምር ቆይቶ መለሰ። «ብልሽት የለውም። የተማረባቸው ቅጂዎች ውስጥ የማን ንባብ እንደሚታመን፣ የማን እንደሚታለፍ አይቷል። እንዳየው ይመዝናል።»

ትርሲት በቅጡ ሳትተነፍስ ሌላ ነገር ትዝ አላት። «ሁለተኛዋ ጠላቂስ? በዚሁ ዓለት ከጎናችን እየወረደች አይደል? ማን አለ ውስጧ?»

ዶክተሯ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሌሎቹ ሴት ተማሪዎች ብቻ» አሉ። «ወንዶቹ ተራቸውን እንዳይነጥቋቸው ብዬ እኔው ነኝ ለብቻቸው የላክኋቸው።»

ኪሩቤል ሬዲዮውን አፈፍ አድርጎ «አቁም! አቁም!» እያለ ጮኸ። ምንም አልተለወጠም።

«የዚያችኛዋ ሚዛን ውስጧ ከሌለ ሰው ንባብ አይቀበልም» አለ ቴክኒሻኑ። «ዓለቱን የማያይ ሰው ጣልቃ እንዳይገባ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ከላይ ማቆሚያ የለንም።»

በሬዲዮው ድምፅ ግን ይሰማ ነበር። ከሁለተኛዋ ጠላቂ አንዲት ተማሪ ረጋ ብላ፣ አንድም ቃል ሳያደናቅፋት፣ ከፊታቸው ያለውን የፈላ ውሃ አነበበች። «አቁም» ብላ ጨረሰች።

ሦስቱም ወደ ሬዲዮው ተጠጉ።

«ሰምቻለሁ ልጆች» አለ ሚዛን፣ እንደ ደግ አስተማሪ። «አይዟችሁ።»